የሻገተው በቆሎና የአዴ ዓይን

ባሌ ጥርስ ውስጥ የገባ ሰው ወዮለት። በዚያ ዓመት የገቡት አዴ ነበሩ። አዴ የምንላቸው አምቦ ከነበረው ግቢያችን ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ጉደር ካለች እህታቸው በቀር ዘመድ የላቸውም። ታዲያ ከብት ሲወዱ! ጠዋት ላሞቻችን ሲታለቡ በረቱ በር ላይ ቆመው በኦሮምኛም በአማርኛም ያሞግሷቸዋል። ሰው አድንቆ "እንትፍ እንትፍ" የሚለውን ግን እሳቸው አይሉም። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ኑሯችን በወተት ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከተማው አስተማሪና ጸሐፊ ሲሞላ፣ ፍል ውሃ ሊታጠብ የሚመጣው እንግዳም ሲበዛ፣ ለወተታችን ገበያ አላጣንም። በዚያ ጥቅምት ባሌ ከባኮ በርካሽ ያገኘውን በቆሎ በጭነት መኪና አስመጣ። መኪናው ጌዶ ላይ ተበላሽቶ ሲቆም ያልታሰበ ዝናብ ወረደ፤ ሸራውም ቀዳዳ ኖሮ እህሉ በሰበሰ። አምቦ ደርሶ ጆንያው ሲፈታ የወጣው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ፍሬው አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሰው የተጸየፈው እህል አይደፋም፣ ለከብት ይሰጣል። ባሌ በቆሎውን ሰሌን ላይ አሰጣው፤ ሻጋታው ሲረግፍ አስፈጨው፤ ጨው ጨምሮ ከአተላ ጋር ለወሰና ገንዳው ውስጥ ገለበጠው። ፀሐይ ያየ እህል ምንም አይል አለ። እውነቱን ለመናገር ሰፈራችን ውስጥ ከዚህ የተለየ የሚያደርግ ሰው አልነበረም።

ላሞቹ መኖ ገፉ፣ ወተታቸውም ጎደለ። ቀይዋ ጨነገፈች፣ ዓይኗ ብጫ ሆነ፣ አንድ ጠዋት በረት ውስጥ ሞታ ተገኘች። የቀረችን ያረገዘችው ቦራ ብቻ ነበረች። ባሌ ሽማግሌ ጠርቶ፣ ላሜን የበላችው የአዴ ዓይን ናትና የገና በዓል ሳይደርስ ግቢዬን ትልቀቅ ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

ደሜ ፈላ። እኚህ ሴት በዚያ ዕድሜ ቡዳ ተብለው ከወጡ ማን ያስጠጋቸዋል? ወሬው እሳቸውን ቀድሞ ጉደር ይገባል። የአዴ የራሳቸው አሮጊት ላም እዚያው በረት ውስጥ ታድራለች። መኖ መግዣ ስለሌላቸው ያጨዱላትን ሣር ብቻ ትበላለች፤ ምንም አልሆነችም። ይህን ለባሌ ብነግረው፣ ቡዳ የራሱን መቼ ይበላል አለኝ። አዴ እህታቸውን ሊጠይቁ ጉደር በሄዱበት ሳምንት ቦራም መኖ ገፋች። ዓይናቸው በአውቶቡስ ነው እንዴ የሚመላለሰው ብዬ ብጠይቀው፣ ድሮ ያየቻት ነው ብሎኝ ወጣ። እሱ እልኸኛ ከሆነ እኔ የእልኸኛ አለቃ ነኝ።

ሁለት ጫጩቶች ይዤ እቃ ቤት ገባሁ። ለየብቻ ዕንቅብ ደፋሁባቸው። አንዱን ከደህናው ማሽላ፣ ሌላውን ከዚያ በቆሎ ሰጠኋቸው። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርኩት። ቦራን ደግሞ ባሌ ቢቆጣም ባይቆጣም ከገንዳው አርቄ ሣር ብቻ አበላኋት። እየዋለ እያደረ በቆሎ የሚበላው ጫጩት ክንፉን ጣለ፣ ከዚያም ሞተ። አንጀቴን በላው። ማሽላ የሚበላው ግን እጄን ካልቆረጠምኩ ይላል።

ባሌን እጁን ይዤ አስገባሁትና ሁለቱንም ዕንቅብ አነሳሁ።

"እነዚህን ማን አያቸው?" አልኩት። "ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ያየኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። በል እንግዲህ እኔንም ከግቢህ አስወጣኝ።"

የሞተውን ጫጩት አየ፣ በሕይወት ያለውን አየ፣ እኔን ሊያይ ግን አልደፈረም። የሞተውን ጫጩት አንስቶ ወጣ። በማግስቱ ከጓሮ ጉድጓድ ሲቆፍር ዋለ። ከጊንጪ የመጣ አንድ ነጋዴ የተረፈውን ለበሬዎቼ ሽጥልኝ ቢለው ቆሌውን ገፈፈው፤ ጆንያዎቹንም አንድ በአንድ ቀበራቸው። ለሽማግሌዎቹም ነገሩ ቀርቷል ብሎ ላከባቸው። ለአዴ ግን የነገራቸው የለም። እሳቸው ዕቃቸውን ጠቅልለው ገናን ይጠብቃሉ። እኔ ልንገራቸው ብዬ ተነስቼ ነበር፤ ግን ያባረራቸው አፍ ራሱ ይመልሳቸው ብዬ ዝም አልኩ። ባሌን ግን ጠዋት ማታ ነዘነዝኩት።

ቦራ ሣሯን እየበላች አገገመች፤ ገና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በሰላም ወለደች። እንገሩን አፍልቼ ለጎረቤት ላከፋፍል ስነሳ ባሌ የመጀመሪያውን ሳህን ከእጄ ነጠቀኝ። በጓሮ ዞሮ የአዴን በር ሲያንኳኳ ተከትዬው ደረስኩ። በሩ ሲከፈት የተጠቀለለው ዕቃቸው ከኋላቸው ይታያል።

"አዴ" አላቸው አቀርቅሮ፣ "ጠዋት ይምጡና ጥጃዋን ይዩልኝ።"

አዴ ሳህኑን ተቀብለው የሚያስቀምጡበት አጡ፤ መደቡ ላይ ያለውን ጥቅልል መፍታት ነበረባቸው።