ገመዱን የቋጠርኩበት ቅዳሜ

መጋረጃውን ያበላሸችው ልጄ ናት፤ የጠገንኩት ግን እኔ ነኝ።

ያኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ከገባን ገና ስምንት ወራችን ነበር። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ከፊት ለፊታችን ካለው ብሎክ ጋር ይተያያል፤ ከዚያ ማዶ የሚበሉትን ወጥ እንኳ መለየት ይቻላል። ባለቤቴ ሳሪስ አቦ ካለ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ብላይንድ ገዝታ መጣች፤ ቢሮዎች ውስጥ የሚሰቀለውን፣ ከስስ አሉሚኒየም ዝርግ የተሠራውን፣ ገመዱን ሲስቡት ወደ ላይ የሚሰበሰበውን ዓይነት። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አልጋችን ከመስኮቱ ሥር በቀር ሌላ መግቢያ አልነበረውም።

ልጃችን ሁለት ዓመቷ ነበር። ከእንቅልፏ ስትነቃ አልጋው ላይ ቆማ በዝርጎቹ መሀል ጣቷን እየሰደደች ታች መንገዱን ታያለች። በዚያች ጣት አምስት ስድስቱ ዝርጎች ተቆለመሙ። ኋላም ማንሻው ገመድ ተበልቶ ተበጠሰና ብላይንዱ በአንድ ጎኑ ዘንብሎ ቀረ።

"ሰው እያየኝ ልብስ መቀየር ሰልችቶኛል፤ አንድ ባለሙያ እንጥራ" አለች ባለቤቴ።

"ባለሙያው ቤትሽ ተቀምጦ?" አልኳት።

እኔ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። አቃቂ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት እየፋቅኩ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። የፀጉር ክር የምታህል ስህተት አንድን ዕቃ ከንቱ እንደምታደርግ ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። ቤቴ ውስጥ የተበላሸ ነገር ሌላ ሰው ሲጠግንልኝ ማየት እንደ ስድብ ይሰማኛል።

ቅዳሜ ዕለት ባለቤቴ በምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተረኛ ስለነበረች በጠዋት ወጣች። እኔ ብላይንዱን አውርጄ ሳሎን ወለል ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ አጋደምኩት። የተቆለመሙትን ዝርጎች አንድ በአንድ እያወጣሁ በማንኪያ ጀርባ አሸት አሸት አድርጌ አቃናኋቸው። የአዲሱን ናይለን ገመድ ጫፍ በክብሪት አቅልጬ ከአሮጌው ጋር አጣበቅኩና ቀስ ብዬ ጎተትኩት፤ አሮጌው ሲወጣ አዲሱ በየቀዳዳው እየተከተለው ገባ። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ማንኪያውን ስጠይቃት ታቀብለኛለች፤ ሳልጠይቃትም ታቀብለኛለች። ደስ የሚል ጠዋት ነበር።

ሰቅዬው ሳበቃ አንድ ነገር ጎደለ። ከሁለቱ መሳቢያ ገመዶች ጫፍ ላይ የነበረችው የፕላስቲክ ጉብታ ተሰብራለች፤ ያለ እሷ ገመዶቹ እየተንሸራተቱ ወደ ላይኛው ሳጥን ይገባሉ። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ቋጠርኳቸው፤ እንዳይፈታ አጥብቄ። ርዝመታቸውንም አልቀነስኩም። ባለቤቴ አጭር ናት፤ አልጋው ላይ ሳትወጣ እንድትደርስበት ብዬ ገመዱን ከትራሱ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል ተውኩት።

ጎረቤታችን በሩ ክፍት ሆኖ ስላዩ ጎራ አሉ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ስድስት ልጅ ያሳደጉ፤ ባለቤታቸው ሚኒባስ ይነዳሉ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ብላይንዱን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ አሳየኋቸው።

"ማሻአላህ! እጅህ ይባረክ" አሉ። ከዚያ የተንጠለጠለውን እያዩ "ገመዱ ግን አልረዘመም ልጄ?" አሉኝ።

"ለእሷ እንዲመቻት ብዬ ነው እማማ።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ብለው ወጡ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ልጄ ምሳዋን በልታ አልጋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ትንሽ ቆይቶ ከታች "ውሃ መጣ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ከአራት ቀን በኋላ መምጣቱ ነበር። ውሃው እኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም፤ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ነው የምንቀዳው፤ ያውም ሳይሄድ ከደረስንበት። ሁለት ጄሪካን አንሥቼ ወደ መኝታ ቤቱ አንገቴን አስገባሁ። አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። የውጭውን በር ገርበብ አድርጌ ወረድኩ።

ወረፋው ረዘም ያለ ነበር። ከፊቴ ከቆመው ሰው ጋር ስለ ኳስ አወራሁ፤ የሆነ ነገር ብሎኝም ሳቅኩ። ምን እንዳለኝ ረስቼዋለሁ፤ መሳቄን ግን መርሳት አቃተኝ። ጄሪካኖቹን ተሸክሜ ስመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጬ አረፍኩ። መዳፌ ላይ የቀረውን የእጀታውን ሰንበር አሸት አሸት አደረግኩ። አልቸኮልኩም።

ቤት ስገባ ጸጥ ብሏል። ጄሪካኖቹን ወጥ ቤት እንዳስቀመጥኩ ከመኝታ ቤቱ የዝርጎቹን ድምፅ ሰማሁ፤ ቅጭል፣ ቅጭል ይላሉ። ነቅታ መንገዱን ልታይ ነው ብዬ ተናደድኩ። ገና ዛሬ ጠግኜው!

"ተይ አንቺ! አትንኪው አላልኩሽም!" እያልኩ ገባሁ።

መስኮቱ ላይ እንድትደርስ ትራሱ ላይ ወጥታ፣ አንገቷን በቋጠርኩት ገመድ መሀል አሾልካ ኖሯል። ትራሱ ሲንሸራተት ገመዱ አገጯ ሥር ያዛት። ጉልበቷ ታጥፎ፣ የእግሯ ጣቶች ብቻ ፍራሹን እየነኩ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተንጠልጥላለች። ዝርጎቹን የሚመታው እጇ ነበር። ከአፏ ምንም ድምፅ አይወጣም።

በአንድ እጄ ወደ ላይ አነሣኋት፤ በሌላው ቋጠሮውን ለመፍታት ታገልኩ። አልፈታ አለኝ። አጥብቄ ነበር የቋጠርኩት። ቢላ ወጥ ቤት ነው፤ እሷን ለቅቄ መሄድ አልችልም። ኋላ ከፍ አድርጌ ሳነሣት ገመዱ ላላ አለና በጆሮዋ በኩል፣ ጆሮዋን እየላጠ፣ አወጣሁት። ከንፈሯ ጠቁሯል። አንገቷ ክንዴ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ።

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም፤ ጎረቤቶች "እማማ ነበር ያልከው" ብለውኛል።

እማማ ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወርዶ እየሮጡ ገቡ። አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ልጄን ከእጄ ነጥቀው በክንዳቸው ላይ በደረቷ አስተኙና ጀርባዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። አንዴ። ሁለቴ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክኬ ስእለት ልሳል ፈልጌ የአንድም ቅዱስ ስም ሊመጣልኝ አልቻለም። ከዚያ ልጄ ሳለች፤ ጨርቅ ሲቀደድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ደግማ ሳለች። አየር ስትስብ ጉሮሮዋ አፏጨ።

"ተነፈሰች! ተነፈሰች ልጄ! ሰውዬ፣ መኪናውን!" ብለው ወደ ደረጃው ጮኹ።

ባለቤታቸው ምሳ እየበሉ ኖሮ፣ ያልታጠበ እጃቸው መሪው ላይ እየተጣበቀ ሚኒባሱን አስነሡ። እኔና እማማ ከኋላ ሆነን ልጄን ታቀፍናት። አታለቅስም። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን እኔን አያይም።

"ትንፋሿን ቁጠር፤ እንዳታቋርጥ" አሉኝ እማማ።

ቆጠርኩ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ጠያቂዎች ስንቃቸውን በዘንቢል ይዘው መኪናውን እየታከኩ ያልፋሉ። እማማ በመስኮት ብቅ ብለው "ሕፃን ይዘናል! ስለ አላህ አሳልፉን!" ይላሉ። አንድ ጠባቂ መጥቶ ወደ ውስጥ አየና ፊቱ ተለወጠ፤ ከፊታችን ያለውን መኪና በእጁ እየመታ ዳር አስያዘልን። እኔ እየቆጠርኩ ነበር። ስልሳ ሰባት ላይ ያፏጨው ትንፋሽ ለአፍታ የቆመ መሰለኝና የእኔም አብሮ ቆመ። ስልሳ ስምንት ሲመጣ ብቻ ነው የተነፈስኩት።

ሆስፒታል ስንደርስ ልጄን ተቀብለው አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ገመድ እንዳነቃት ከእማማ ሰምታ፣ እየመረመረቻት ጠየቀችኝ።

"አባቷ ነህ? ከምን ያህል ጊዜ በኋላ አገኘሃት?"

"ወዲያው ነው" አልኩ።

"ወዲያው ማለት?"

"ወጥ ቤት ነበርኩ። ድምፅ ሰምቼ ገባሁ።"

ጻፈችው። ውሸቱ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው፤ ወጥቶ ሲያበቃ ግን ደስ አለኝ። የምፈራው ብዙ ነበር፤ ፖሊስ፣ ባለቤቴ፣ የጎረቤት ወሬ። ሐኪሟ የልጄን የዓይን ቆብ ገልጣ በባትሪ አየች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

"እነዚህን ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ታያቸዋለህ? አንገቷ ታንቆ የቆየ ይመስለኛል። እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ጉሮሮዋ ከውስጥ ሊያብጥ ይችላል፤ አየር አጥታ ቆይታም ከሆነ ክትትሉ ሌላ ነው። እውነቱን ንገረኝ።"

"አላውቅም" አልኩ። "ታች ውሃ እየቀዳሁ ነበር። ተኝታ ነው ትቻት የወረድኩት። ገመዱንም የቋጠርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት።"

"ወጥተህ እስክትመለስ ምን ያህል ይሆናል?"

"ሃያ ደቂቃ ይሆናል። መቼ እንደነቃች ግን አላውቅም።"

የመጀመሪያውን ሰርዛ እንደገና ጻፈች። ቀና ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ እማማ ደውለውላት የፋብሪካ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ መጥታለች። ከውሸቴ ጀምሮ መስማቷ ገባኝ፤ ፊቷ ነገረኝ። በአጠገቤ አልፋ ልጃችን እግር ላይ እጇን ጫነች።

ቀኑ እስኪመሽ በአልጋዋ ሁለት ጎን ተቀመጥን። ነርሷ በየጊዜው እየመጣች ጉሮሮዋን ታዳምጣለች። አመሻሹ ላይ ባለቤቴ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

"በሩን ቆልፈህ ነው የወረድከው?"

"ገርበብ አድርጌ።"

የልጃችንን አንሶላ አስተካከለች። "እኔም ባለፈው ሳምንት እንደተኛች ትቻት ወርጃለሁ። ዳቦ ልገዛ።" ትንሽ ቆይታ "ለሐኪሟ ግን ዋሸህ" አለች።

"ፈርቼ ነው።"

"እኔን?"

"አንቺንም።"

በማግስቱ ጠዋት ልጃችን በተዘጋ፣ የሽማግሌ በሚመስል ድምፅ "ውሃ" አለች። ባለቤቴ ኩባያውን ስታነሣ ግማሹ አልጋው ላይ ፈሰሰ። ሐኪሟ ስሟን እየጠራች፣ ጣቷን እያስከተለቻት፣ አስቁማ እያስኬደቻት መረመረቻትና "ተርፋችኋል" አለች። ተርፋለች አይደለም ያለችው።

እሑድ ከሰዓት ቤት ስንገባ ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው። ትራሱ መሬት ላይ ወድቋል፤ ገመዱም ተንጠልጥሏል። ከመኝታ ቤቱ ደፍ ማለፍ አቃተኝ። ባለቤቴ ልጃችንን እማማ ጋ አስቀምጣ መቀስ ይዛ መጣች።

"ሙሉውን ብንጥለውስ?" አልኳት።

"ጥለኸው ዛሬ ማታ በምን እንሸፍነው? ሥራው፤ እኔ እዚህ ቆሜ አይሃለሁ።"

መጀመሪያ ቁም ሳጥኑን እየገፋን ሳሎን አወጣነውና አልጋውን ወደ ግድግዳው አዞርነው። ከዚያ ወንበር ላይ ወጣሁ። ቋጠሮውን ቆረጥኩና ማንሻ ገመዶቹን ከነጭራሹ መዝዤ አወጣኋቸው። ዝርጎቹን የያዛቸው ቀጫጭኑ ክር ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያ ብላይንድ ወደ ላይ አይሰበሰብም፤ ጎኑ ላይ ያለችውን አጭር ዘንግ ሲያዞሯት ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በቃ። ባለቤቴ ስሠራ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኗን ከእጄ አላነሣችም። ስጨርስ ራሷ ወንበሩ ላይ ወጥታ እያንዳንዱን ክር በጣቷ እየሳበች ፈተሸች። አልከፋኝም። ትክክል ናት።

ማክሰኞ ሥራ ቦታ ምሳ ላይ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ውሸቴንም ጨምሬ ነው የነገርኳቸው። አንድ ብዙ የማይናገር፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጥ ሰው አለ፤ ሳልጨርስ ከመካከላችን ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። ስልክ ሲያወራ ይሰማናል። "መስኮቱ ጋ ያለውን ገመድ አሁኑኑ ከፍ አድርገሽ እሰሪው። ... አይ፣ እስክመጣ አትጠብቂ። ... አሁን ነው ያልኩሽ፤ አልዘጋም፣ እያየሽው ንገሪኝ" ይላል።

የአንገቷ ሰንበር በሁለት ሳምንት ጠፋ፤ ድምጿም ከዚያ በፊት ተመለሰ። አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ አንዱንም አታስታውሰውም። ባለቤቴና እኔ ስለዚያ ቀን ከዚያ በኋላ ሁለቴ ብቻ ነው ያወራነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የጀመረችው እሷ ናት። እኔ ግን ቤቱ ጸጥ ሲል መቀመጥ አልችልም። የምሠራውን ጥዬ እሄድና በሩ ላይ እቆማለሁ። ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ወረቀት ስትቀድ፣ ወይ አሻንጉሊቷን ስታስተኛ አገኛታለሁ።

"አባዬ፣ ምን ፈልገህ ነው?" ትለኛለች።

"ምንም" እላለሁ፤ እግሬ ግን ከበሩ ላይ ቶሎ አይነሣም።