የእህቴን ልጅ ለቡሬው ቃለ መጠይቅ እንዴት እንዳዘጋጀኋት

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እኔና የእህቴ ልጅ ጥሩዓለም ከቋሪቷ ገበዝ ማርያም ወደ ቡሬ ተነሣን። ጥሩዓለም በዕፅዋት ሳይንስ ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የጻፈችው ማመልከቻ ቢነጠፍ ከቋሪት እስከ አዲስ አበባ ያለውን ጭቃ ሁሉ ይሸፍናል። የመጣላት መልስ ግን አንድ ብቻ ነው። ቡሬ ያለ አንድ የዘር ማበጠሪያ ድርጅት እሑድ ዕለት ደውሎ «ማክሰኞ አምስት ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ድረሽ» አላት። ተዘግቶ የሰነበተው መንገድም በዚያው ሰሞን ተከፍቶ ነበርና እናቷ «ስለቴ ሰመረ» ብላ እልል አለች።

መልስ የሚጠብቅ ሌላ ሰውም ነበር። ሰው ወደ አረብ አገር የሚልከው የጅጋው ደላላ ፓስፖርቷን ይዞ «በዚህ ሳምንት ቁርጡን ንገሪኝ» ብሏታል። የጎረቤታችን ልጅ አምና በዚሁ ሰው እጅ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ወራት አልፈዋል። እንግዲህ ቡሬ ላይ እሺ ካሏት ትቀራለች፤ እምቢ ካሏት ትሄዳለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

አዘጋጇ እኔ ነኝ። በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቃለ መጠይቅ የሚባል ነገር በዓይኔም አይቼ አላውቅ። ነገር ግን በሽምግልና እየሄድሁ የሰው ልጅ ለትዳር ስጠይቅ ሃያ ዓመቴ ነው። የቋሪትን ባለትዳር ግማሹን ያጋባሁ እኔ ነኝ ብል የሚከራከረኝ ሌላው ግማሽ ብቻ ነው። እናቷም ይህን አይታ «አንተ ካላሰናዳሃት ማን ያሰናዳታል!» አለችኝ። ጉርድ ቀሚሷን ራሴ ሰፋሁላት። ምነው መርፌና ክሩ ላይ በቀረሁ!

ከገበዝ ማርያም እስከ ጅጋ

ሚኒባሱ ለአሥራ ሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ እኛ ሃያ ስድስት ነበርን፣ ዶሮዎቹን ሳልቆጥር። ጭኔ ላይ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልገባኝ አንድ እግር ነበር። ከመስኮቱ ውጭ ጤፉ ቢጫ መስሏል፤ አጫጁ ገና በብርዱ ጋቢውን አልጣለም። መኪናው በየጉድጓዱ ሲዘል እኔ ትምህርቴን ጀመርሁ።

«እሺ፣ እኔ አለቃው ነኝ። ምን ትችያለሽ?»

«የበቆሎ ዘር ነክሼ እርጥበቱን አውቃለሁ። ምን ያህሉ እንደሚበቅልም ፈትሼ...»

«ተይ! ተይ! ይህማ ጉራ ነው። ‹እኔ ምን አውቄ፣ ሰው ይመስክር እንጂ› በይ።»

ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከኋላችን «እውነቱን ነው ልጄ» አሉ። «የጨዋ ልጅ ስለ ራሷ አትለፈልፍም። ቀና ብላም የሰው ዓይን አታይም።»

«ሥራውን እንስጥሽ ቢሉሽስ?» አልሁ።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ እላለሁ።»

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። «ርቧት ነው የመጣች ይሉሻል» አላት።

«ስሚ» አልኋት፣ «ሙሽራ እንኳ በመጀመሪያው ልመና አትሰጥም። ስንቱን በር ሦስት ጊዜ ያንኳኳሁ እኔ ነኝ! ሲሰጡሽ ‹ኧረ አትቸገሩ› በይ። እነሱ ደግመው ይለምኑሻል። ያን ጊዜ አንገትሽን ደፋ አድርገሽ እሺ ትያለሽ።»

መኪናው ሙሉ «ይበል!» አለ። ከሃያ ስድስት ሰው አንድ እንኳ «ኧረ ተው» ያለኝ አልነበረም። ጥሩዓለም ብቻ «አያ፣ የድርጅት ሰዎች ግን እንዲህ ናቸው?» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ያው ነው» አልኋት።

ጅጋ ስንወርድ ገበያተኛው በእግሩ እየጎረፈ ይገባ ነበር። የደላላውን ሱቅ አልፈን ሌላ መኪና ያዝን። እሷ ወደዚያ አልዞረችም፤ እኔ ግን ዞሬ አየሁ።

ፍኖተ ሰላም፣ ሦስት ሰዓት

ማስረጃዋን ኮፒ ልናስደርግ አንድ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ገባን። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሻይ ጠጥተን፣ ፓስቲ በልተን፣ ደግመን ሻይ ጠጥተን፣ እኔ በበኩሌ ሁለት ዓመት አርጅቼ፣ መብራቱ መጣ። አራት ቅጠል ሃያ ብር። ኮፒ የምታደርገው ልጅ የጥሩዓለም እኩያ ናት፤ ለምን እንደምንሄድ ስትሰማ ሥራዋን አቁማ ዞረች።

«ሲስተር፣ ኮንፊደንስ ነው ዋናው! ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ የምትችይውን ሁሉ ዘርዝሪ። ራስሽን ሽጪ!»

«አንቺ ልጅ» አልኋት፣ «እኛ ሥራ ልንጠይቅ እንጂ ልጅ ልንሸጥ አልመጣንም።»

ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ቀን ጥሩዓለም ስትስቅ ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ለኮፒው ሃያ ብር ከፈልን፤ ምክሩ ነፃ ነበር፤ ነፃ ስለሆነም ናቅሁት።

ቡሬ፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው

ከማንኩሳ ወዲያ መንገዱ ዳርና ዳር በርበሬ ተሰጥቶበታል። ቀዩ ከሩቅ ሲታይ ምድሪቱ ምንጣፍ የተነጠፈላት ይመስላል። ቡሬ እስክንገባ አንድ መቶ ጊዜ አስነጥሼ፣ ሰው ሁሉ «ይማርህ» ማለት ሰልችቶት ዝም አለኝ።

የድርጅቱ ዘበኛ በዕድሜ የገፉ የአዊ ሰው ናቸው። እሷን አስገብተው ለእኔ ከጥላው ሥር ድንጋይ አሳዩኝ። ከእሷ ፊት አምስት ልጆች፣ ከኋላዋ አንድ ወጣት ነበሩ። የሰፋሁት ጉርድ ቀሚስ በሩን ሲያልፍ አየሁና ድርሻዬን ጨረስሁ ብዬ እግሬን ዘረጋሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣች። ከበሩ አልራቀችም፤ እዚያው አጠገቡ ቆማ ወደ ውስጥ ታያለች።

«እህ? እንዴት ሆነ?»

«ጥሩ ነበር መሰለኝ፣ አያ። ስለ ራስሽ ንገሪን ሲሉኝ ሰው ይመስክር አልሁ፤ ተያዩ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ እፍኝ በቆሎ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱ። ነከስሁና ይህ አልደረቀም፣ ካሸጋችሁት ይሻግታል አልሁ። መሣሪያ አምጥተው ለኩት፤ እንዳልሁት ሆነ።»

«ይኸውልሽ! ከዚያስ?»

«የተመዘገብሽበት ቦታ ልምድ ይፈልጋል፣ ግን በዘር ፍተሻው ክፍል ረዳት ሆነሽ ከሰኞ ጀምሮ ብንቀጥርሽስ አሉኝ።»

«እልል በይ!»

«ኧረ አትቸገሩ አልሁ።»

እኔም ፈገግ ብዬ ጠበቅሁ። «እነሱስ?»

«እሺ፣ እናመሰግናለን አሉ። ቀጣይ ብለው ጠሩ። ምናልባት ይጠሩኝ ይሆናል ብዬ ነው እዚህ የቆምሁት።»

ዘበኛው ሰምተው ኖሮ መሳቅ ጀምረው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ወይኔ ልጄን» አሉ። «ሰውየው ከሩቅ ከተማ የመጡ ናቸው። አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁ።»

ወዲያው ከኋላዋ የነበረው ወጣት በሩን በርግዶ ወጣ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «እማ! ከሰኞ ጀምር አሉኝ!» ይላል። የጨዋ ልጅ አልመሰለኝም። እንዲህ ማሰቤንም ይቅር ይበለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ለምሳ ሲወጡ ከፊታቸው ቆምሁ። ስንቱን ክፉ አማች ባለሳለሰው ምላሴ፣ «ጌታዬ፣ ልጅቱ እምቢ ያለች እሺ ልትል ነው» አልሁ።

ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ቆመው ሰሙኝ። «አባቴ፣ እኔ እኮ ጠይቄአት አልፈልግም አለች።»

«አልፈልግም አላለችም። አትቸገሩ ነው ያለች።»

«እኔም አልተቸገርሁማ» አሉ። ከዚያ ፊቷን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቦታው አንድ ነበር፤ አሁን ተይዟል። አዝናለሁ።»

መልስ

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ጅጋ፣ ያው መንገድ ያው በርበሬ። አላስነጠስሁም። ሊሞት እንደተቃረበ ሰው ኃጢአቴን ቆጠርሁ፤ ከሁሉ የሚከብደው ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ የሠራሁት ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋት ጅጋ ላይ መኪና ስንጠብቅ።

«አንቱ ምን አጠፉ፣ አያ» አለች። «አንቱ ባይነግሩኝም እንዲያው ነበር የምል። አፌ ሌላ አያውቅም። ሁላችሁም እንዲያ ብላችሁ ነው ያሳደጋችሁኝ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ገበዝ ማርያም ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ገባን። እህቴ ዘውዴ ደጃፍ ቆማ ነበር፤ ፊታችንን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ገብታ ገበታውን አቀረበች። ቀኑን ሙሉ ከፓስቲው ሌላ የቀመስነው የለም።

«ብሉ እንጂ» አለች።

«በልተናል፣ አትቸገሪ» አልሁ። ምላሴ ነው፤ እኔ አላዘዝሁትም።

ጥሩዓለም ግን እጇን ታጥባ ቀረበችና «ርቦኛል፣ እማ» ብላ ቆርሳ ጎረሰች። እናቷ እንደ እንግዳ ሰው አየቻት። በዚያ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ሳይለመን የበላ ሰው ከዚያ ቀን በፊት አልነበረም።

ገና እየበላች ስልኳ ጠራ። ጅጋ ሱቁ ውስጥ የተቀመጠው ደላላ ድምፅ እኔ ካለሁበት ድረስ ይሰማል። «እህ፣ ምን ወሰንሽ? ትሄጃለሽ...» ብሎ ሳይጨርስ «እሺ» አለችው። አንድ ጊዜ፣ ቀና ብላ፣ ጥርት አድርጋ።

አንዲት እምቢታ ከአፏ እንድትወጣ በልቤ ለመንሁ። እምቢ ማለትን ያስተማርኋት እኔ፣ ያን ሰዓት «እምቢ በይ» የምልበት አንደበት አጣሁ። ምን ልሰጣት ነው እምቢ በይ የምላት? ሌላ ጉርድ ቀሚስ?

ዘውዴ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። እንግዳ ነኝና ልማዱ አልቀረባትም። «በሞቴ፣ ቅመስ» አለች። «በቃኝ» አልሁ። ጉርሻውን ጠቅልላ አፌ ድረስ አምጥታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ «አፈር ስሆን» አለችኝ።

በዕድሜዬ ሁሉ ሦስተኛውን ጠብቄ የበላሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን እምቢታዬ የእውነት ነበር።