የማዳመጥ ፈተና

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ውስጥ «ዶክተር» የሚሏት የፈረቃ ኃላፊ ነበረች። ቅፅል ስሙ የወጣላት በጆሮዋ ነው። ማሽኖቹ ባንድ ላይ ሲንጓጉ በመካከላቸው ስታልፍ ድንገት ቀጥ ትልና «ይሄኛው አሞታል፣ አቁሙት» ትላለች። ሲፈቱት እውነትም አንዱ ብሎን ላልቶ ይገኛል። ከኮሌጅ ወጥታ ከተቀጠረች ጀምሮ የኖረችው እዚያ ነው። ለሌላው ሰው ራስ ምታት የሆነው ጩኸት ለእሷ እንደ ወሬ ይገባት ነበር።

ውጭ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ሙሉ ወጪዋን ችሎ ሲቀበላት ቤቱ በደስታ ቀለጠ። የቀረው የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ ነበር። በማንበብም፣ በመጻፍም፣ በመናገርም፣ በማዳመጥም ከስድስት በታች ማምጣት አይቻልም።

«ይቺማ ለአንቺ ምን አላት!» አለ እንግሊዝኛ አስተማሪ የሆነው ታላቅ ወንድሟ።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱ ጥሩ ነበሩ። ማዳመጡ አምስት።

«የተቀዳው ንግግር ላይ ሰዎቹ ያጉረመርማሉ» አለች። «ቃሉን እየዋጡ ነው የሚያወሩት።»

«የእነሱ አነጋገር እንደዚያ ነው። ጆሮሽን አስለምጂው።»

አስለመደችው። ከስራ ስትመለስ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ የእንግሊዝኛ ዜናና ክርክር ትከፍታለች። ካልገባት ድምፁን ትጨምራለች። አሁንም ካልገባት አሁንም ትጨምራለች። አንድ ቀን በሚቀጥለው ክፍል ልብስ ታጥፍ የነበረችው እናቷ መጥታ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ልጅቷ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ኧረ ልጄ ቀንሺው! ካንቺ ተርፎ እኔን ሊያስተምረኝ ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። ልጅቷ የሳቀችው ግን እናቷ ስትስቅ ስላየች ነው፤ ምን እንዳለች አልሰማቻትም።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ማዳመጡ አራት ተኩል ሆነ። በእንግሊዝኛ አስራ ስድስትና ስልሳ የሚለያዩበት ጫፍ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ሁለቱ ቃላት አንድ ሆነውባት ወጣች። ወንድሟ ተቆጣ። «ሰው እየተማረ እንዴት ወደ ኋላ ይሄዳል? ቁም ነገር አላደረግሽውም!» አላት። እሷም ከማሽን ጋር ስትውል የደነዘዘች መሰላት።

ከዚያ በአንዱ ጠዋት በማሽኖቹ መካከል ስታልፍ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ሮጠው መጥተው ክንዷን ያዟት። አሁን ያለፈችው ማሽን ክር በጥሶ ጨርቁን እየቦጨቀ ነበር። ሽማግሌው አቆሙትና ፊቷን ትክ ብለው አዩት። በዚያ ክፍል ሰው የሚግባባው በከንፈር ነው።

«ስጠራሽ ነበር» አለ ከንፈራቸው። «አንቺንም ጀመረሽ?»

«ምኑ፣ አባባ?»

«እኔን መጀመሪያ የተዉኝ ወፎቹ ናቸው።»

ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ስር ሄዳ ቆመች። ቅርንጫፉ ላይ ወፎች ነበሩ። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጉሮሯቸው ይርገበገባል። ምሳዋን ሳትበላ ሰዓቱ አለቀ።

የጆሮ ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ አልሸፋፈነላትም። «ቀጫጭኖቹን ድምፆች ጩኸቱ በልቷቸዋል። የሄደው አይመለስም። እዚያ ክፍል ከቆየሽ የቀረውም ይከተላል።»

«እንግሊዝኛዬ አይደለም ማለት ነው?»

ሐኪሙ ግራ ገባው። እሷ ግን ለአፍታ ቅልል ብሏት ነበር። ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ቁጭ አለች።

ወንድሟ ሲሰማ «ለእማዬ አትንገሪያት» አለ። «ለፈታኞቹም። ካወቁ በሩን ይዘጉብሻል።»

«ካልነገርኳቸውም ተዘግቷል እኮ።»

ለፈታኞቹ ነገረቻቸው፤ ለእናቷ ግን አልነገረቻትም። በሐኪም ማስረጃ፣ ፈታኝ ለብቻዋ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲያነብላት ተፈቀደ። ከንፈር ማንበብ ከፋብሪካው ታውቃለች፤ የእንግሊዝኛ ከንፈር ግን ሌላ ነው። ወንድሟ በየቀኑ ከስራ በኋላ ወንበር ስቦ እያነበበላት እሷ አፉን ታያለች።

«ወንድም ጋሼ» አለችው አንድ ቀን፣ «ጺምህን ካልተላጨህ አይሆንም። ግማሹ እንግሊዝኛ እዚያ ውስጥ እየቀረ ነው።»

ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚኮራበትን ጺም ያኔውኑ ገብቶ ተላጨ። ሲወጣ የላይኛው ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ምን እያለኝ ነው ብላ ትኩር አለች። ምንም እያለ አልነበረም።

ስድስት አመጣች፤ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳይተርፍ። ከመልቀቋ በፊት ስራ አስኪያጁን የጆሮ መከላከያ አስገዛችው። ዕቃው መጥቶ መጋዘን ገባ፣ ካርቶኑ ግን ሳይከፈት ከረመ። ሸማኔዎቹ «ጆሯችንን ደፍነን ማሽኑን በምን እንስማው?» አሉ። በእሷ ቦታ አዲስ ተመራቂ ልጅ ተተካች። የመጀመሪያ ቀን ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ስትስቅ ሽማግሌው ከማሽናቸው ቀና ብለው አይተዋት ተመልሰው አቀረቀሩ።

የጉዞዋ ቀን መኪናው ከበር ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እናቷን አቅፋ፣ ስማ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ሄደች። እናቷ ከኋላዋ «ልጄ!» አለች። «እናቴ! አንዴ ዙሪልኝማ፣ ፊትሽን ልየው!»

ሳትዞር መኪናው ውስጥ ገባች።

«ምነው ጨከነችብኝ?» አለች እናት።

ወንድሟ መሬት መሬት እያየ «ቸኩላ ነው» አለ። መኪናው ተነሳ።