ለገብርኤል የተጠመቀ ጠላ

የሰፈራችን ሰው ያንን ሐምሌ ሲያነሳ ደረቱን ይነፋል። ግብር ገማቾቹ በየቤታችን ዞረው፣ በሳምንት የማናየውን ብር የአንድ ቀን ገቢያችሁ ነው ያሉን ጊዜ፣ ድሬዳዋ ውስጥ መጀመሪያ እምቢ ያልነው እኛ ጠላ ሻጮቹ ነን። ጠላ መኖሩን ለመንገደኛ እንዲናገር በየደጃፋችን እንጨት ላይ የምንደፋውን ጣሳ በአንድ ጠዋት አወረድነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያሉትም ሰምተው አወረዱ። ይህ ሲወራ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ የጎረቤቴ ነገር እንዳይነሳ ግን ልቤ ይፈራል።

አድማው በተጀመረ በሳምንቱ አንዷ ‹‹ለማኅበር ነው›› ብላ ጠምቃ፣ በጓሮ በር ስትሸጥ ተያዘች። ተናደድን። ከእንግዲህ ለማንም ለምንም ጌሾ የሚነካ እንዳይኖር ተማማልን። ከሁሉም የባስኩት አጥባቂ እኔ ነበርኩ፤ ያኔ ጉልበቱም አፉም ነበረኝ።

አጥር የምንጋራው ባልቴት፣ እናቴ ስትሞት ከአጠገቤ ያልተለየች፣ ጥንስስ ያስተማረችኝ ሴት ናት። እትዬ እላታለሁ። ለሐምሌ ገብርኤል ሁለት ቀን ሲቀረው ከግቢዋ የጠላ ሽታ መጣ። ሁለት ሴቶች አስከትዬ ገባሁ። በርሜሏ ጥግ ላይ ነጠላ ለብሶ ቆሟል።

‹‹እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?››

‹‹ለዝክር ነው ልጄ። ለገብርኤል።››

‹‹አቦ ተዪኝ! ያቺም ለማኅበር ነው ስትል ነበር።››

‹‹በእናትሽ፣ የተሳልኩት ነው።››

‹‹ምን ብለሽ ተሳልሽ?››

ዝም አለች። እኔ ደግሞ ዝምታዋን እንደ ውሸት ቆጠርኩት። በርሜሉን በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁት። ጠላው ሲሚንቶው ላይ ፈሶ ወደ ቦዩ ወረደ። አልጮኸችም። ዱካ ላይ እንደተቀመጠች፣ በእግሯ ሥር ሲያልፍ ታየው ነበር።

ግብሩ ተቀነሰ፤ ጣሳችንንም መልሰን ሰቀልን። ምስጢሯን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ልጇ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ተደብቆ ሄዶ ኖሯል። ደላላው ‹‹ለሰው ከተናገርሽ ይያዛል›› ብሎ አስፈራርቷታል። እሷም ድምፁን ካሰማኸኝ ብላ ለገብርኤል ተሳለች። ልጁ ባሕሩ ዳር ደርሶ ደወለላት፤ ዛሬ ነገ እንሻገራለን አላት። ያ ጠላ የዚያ ስለት ነበር። ልጁ ከዚያ ስልክ ወዲህ አልደወለም።

ገብርኤል በአንድ በርሜል ጠላ የሰው ልጅ አይቀጣም እያልኩ ራሴን ስሞግት እኖራለሁ። ባሕሩ የእኔን ጥፋት አያውቅም እላለሁ። እሷ ፊት ቆሜ ይህን ለማለት ግን አንደበት የለኝም። አፍሬ አፍሬ፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ጌሾውንም ብቅሉንም ከቀፊራ ገበያ ገዝቼ፣ ዝክሩን እኔ ልደግስልሽ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ሽማግሌዎቹ ለመኑልኝ። አንስታ ሳመችኝ፤ እንባዋ ጉንጬን ነካኝ።

‹‹ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ›› አለችኝ። ‹‹ግን አንዴ እንኳ ቢደውል፣ ከልቤ ይቅር እልሽ ነበር።››