አማቴ ፊት የነከሰ ካሩኮላ

የባለቤቴን አባት ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ከባለቤቴ ጋር ያጣላን በአዲሱ የክልል ቢሮ የነበረኝን ሥራ ትቼ ሐይቅ ዳር የመዝናኛ ጀልባ መግዛቴ ነው። ባለቤቴ «አብደሃል እንዴ?» ብላ ታቦር ሰፈር ወላጆቿ ቤት ገባች። ሽማግሌ ላክሁ። አማቴ፣ «መጀመሪያ ጀልባውን ልየው፤ ልጄን የሚያኖራት ከሆነ ትመለሳለች» አሉ።

እኔን ደግሞ ማን አርፈህ ተቀመጥ ይበለኝ! ሞተርማ ሁሉም አለው ብዬ ነፋስ የሚገፋው ሸራ አሰፋሁ። ጀልባው ላይ የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቆምኩ፤ ጫፉ ላይ ሸራውን የሚስበው ገመድ እንዲዞርበት ካሩኮላ ሰቀልኩ። ካሩኮላውን ያገኘሁት ከግንበኞች ነው፤ ስሚንቶ በባልዲ ፎቅ ላይ የሚያወጡበት፣ ለወፍራም ገመድ የተሠራ። የኔ ገመድ ቀጭን ናይለን ነው። ምን ችግር አለው አልኩ፣ እኔ ጅሉ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አማቴ ከነሱፋቸው መጥተው ጀልባው ላይ ተቀመጡ። ባለቤቴ ዳር ቆማ ታያለች። እኛ ዘንድ አማች አማቱ ፊት ጮክ ብሎ አያወራም፤ ከሳቸው ከፍ ብሎ መቀመጥማ አይታሰብም። ትንሽ ራቅ እንዳልን ሸራውን መሳብ ጀመርኩ። ግማሽ ድረስ ወጣና ቀጥ አለ። ገመዱ ከካሩኮላው ጎማ ወርዶ በጎን ተቀርቅሯል። ብስበው፣ ባላላው፣ ወይ ፍንክች! ነፋሱም በዚያች ግማሽ ሸራ ወደ ቄጠማው ይነዳን ጀመር።

«ውጣና ፍታው እንጂ!» አሉ።

ምን ላድርግ? አማቴን ከእግሬ ሥር አድርጌ፣ በቁምጣ፣ ምሰሶው ላይ ወጣሁ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ዓሣ አጥማጆቹ ያፏጫሉ፤ ዳር ያለው ሰው እልል ይላል። ገመዱ በጣቴ አልላቀቅ ሲለኝ በቢላ ቆረጥኩት። ሸራው ዱብ ብሎ አማቴን ከነባርኔጣቸው ሸፈናቸው።

«አባባ! ይቅር ይበሉኝ አባባ!»

ወርጄ ሸራውን አነሣሁላቸውና እየቀዘፍኩ መለስኳቸው። ዳር ስንደርስ ባርኔጣቸውን አራገፉ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ልብስሽን ሰብስቢ፤ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አሏት።

በደስታ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል እሷ፣ «ጀልባው አስተማመነዎት እንዴ?» አለቻቸው።

«የምን ጀልባ!» አሉ። «ይሄ ሰው ብቻውን ሲተው ያሳዝናል።»

አመሻሹ ላይ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። በሩን ከፈትኩላት፤ ፊቷን ማየት ግን አቃተኝ።