ከማሲንቆው ጀርባ የሰጠሁት ስንኝ

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ባል አግብቼ፣ አንድ ወልጄ፣ የሠርግ ዘፈን አውጪ ተብዬ ከሞላሌ እስከ ዘመሮ የምጠራ ሴት ነበርኩ። ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅሁም ብዬ የምሸሸግበት ዕድሜ አይደለም። ይህን የምጽፈውን ነገር ለባሌ አልነገርኩትም፤ ለልጆቼም አልነገርኩም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ነፍስ አባቴ ፊት ቁጭ ብዬ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መግደፉን እዘረዝራለሁ። ይህችን ግን ከምላሴ ሥር እንደያዝኳት እመለሳለሁ። ለምን? ይቆጡኛል ብዬ አይደለም። ሂጂና ወንድምሽን ይቅር በለኝ በይው እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው።

አሁን ግን ደከመኝ። ዝም ማለት እንደ እንጨት ሸክም ነው፤ ሲያነሡት ቀላል ነው፣ መንገዱ ሲረዝም ነው ወገብ የሚቆርጠው። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ይቀለኛል።

ወንድሜ ጋሼ ዘውዴ ታላቄ ነው። ደርግ በወደቀ በዚያ ክረምት መግቢያ ከሰሜን በእግሩ መጣ። እግሩ አብጦ፣ ፂሙ ወርዶ፣ በብርድ ልብስ የጠቀለለውን ነገር በብብቱ ይዞ ደጃፋችን ቆመ። ጠመንጃ መስሎን ነበር። ሲፈታው ትራምፔት ሆኖ ተገኘ። ጠመንጃህስ ሲሉት፣ መንገድ ላይ ወሰዱብኝ አለ። የብዙ ሰው ተወስዶበት ስለነበር ማንም አልጠረጠረም።

ዘውዴ የክፍለ ጦሩ ማርሽ ባንድ ውስጥ ነፊ ነበር። ኖታ የተማረው እዚያ ነው። ቫዮሊን የሞላበት ትልቅ ኦርኬስትራ የሚጫወተውን የፈረንጅ ሙዚቃ አለቃቸው እየቀነሰ፣ ለእነሱ መሣሪያ እያስማማ ያስጠናቸው ነበር። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ያው አለቃ ጃዝ ያጫውታቸዋል። ሐረር በኩል ሰፍረው ሳለ ኩባዎች ጎረቤቶቻቸው ነበሩ፤ ባዶ ሣጥን እየመቱ ሲዘፍኑ ዘውዴ አጠገባቸው እየተቀመጠ ምታቸውን ለመደ። እና ይህ ሰው እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አብስዬ ለመንዝ ሰው አቀርባለሁ ብሎ ተነሣ።

መጀመሪያ ግቢያችን ውስጥ የነፋ ዕለት አክስታችን እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከወዲያ ማዶ ዳገቱን እየሮጠች መጣች። በእኛ አገር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው።

«ማን ነው የሞተው?» አለች፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ።

«ማንም አልሞተም፣ አክስቴ። ሙዚቃ ነው።»

«ለራሴው ነፋህልኝ በለኛ፤ ዳገቱ ላይ ልወድቅልህ ነበር።»

እንዲህ እየሳቅን ነው የተጀመረው። ቫዮሊኖቹን የሚተካ ማሲንቆ አስፈለገ፤ የሰፈራችን አዝማሪ ይርዳው መጣ። ምቱን የሚይዝ አስፈለገ፤ እኔና የሠርግ ሴቶቼ መጣን። ከአውድማው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲያስረዳን እንዲህ አለኝ፦ «ኖታው እንደ ድጓ ነው፣ እታለም፤ አባቶች ተክለውታል፣ አይነካም። ጃዙ እንደ ቅኔ ነው፤ ቤቱ የታወቀ ነው፣ የትናንቱ ቃል ግን ዛሬ አይደገምም፣ እዚያው ቆመሽ ትፈጥሪዋለሽ። የኩባው ምት ደግሞ እግር ነው። ያለ እግር ሁለቱም የትም አይሄዱ።»

ያ የኩባ ምት የሚያነክስ ጭብጨባ ነው። ሲጠብቁት ይዘገያል፣ ሲተዉት ይመጣል። ሴቶቹ ሁሉ አቃታቸው፤ መጀመሪያ የገባኝ እኔ ነኝ። እህል ስፈጭም፣ ልጄን ሳዝልም በእጄ ስመታው እውል ነበር። ይርዳው ረጅሙን ዜማ በማሲንቆው ይጎትተዋል፣ እኛ ከሥር እናነክሳለን፣ ዘውዴ ደግሞ ከላይ ብድግ ብሎ እንደ ጭልፊት ይንሳፈፋል፤ ሄደ፣ ጠፋ ስንል ተመልሶ ዜማው ላይ ቁጭ ይላል። «አያ ዘውዴ» ይለው ነበር ይርዳው፣ «ፈረንጅ ይህን ሁሉ ጣጣ ትቶ አንዴ እስክስታ ቢወርድ ምናለበት?» ያ ዘመን ደግ ዘመን ነበር። ደግነቱን ሳላውቅ አልቀረሁም። አውቄው ነው ያፈረስኩት።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ እኔ፣ ዘውዴና ይርዳው ብቻችንን ቀረን። ዘውዴ መሬት መሬት እያየ፣ ጠመንጃውን ማንም እንዳልወሰደበት ነገረን። ሲያፈገፍጉ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ በአንድ እጅ እየዋኙ ሁለቱን መያዝ አልተቻለም። ትራምፔቱን ያዘ፣ ጠመንጃውን ለወንዙ ሰጠ። «ከእናንተ እንዳይወጣ» አለን። «በዚህ አገር ጠመንጃውን የጣለ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።»

ይርዳው ሳቀ። «የሰማሁትን ሁሉ ብዘፍን ኖሮ እስካሁን ዛፍ ላይ ተሰቅዬ ነበር።»

እኔ ያልኩት «እኔ እህትህ ነኝ» ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ነካኝ? ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን ራሴን ጠየቅሁት። መልሱ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱ ነው የሚያሳፍረኝ። በልምምዱ ላይ ዘውዴ «እዚህ ጋ አንቺ ታርፊያለሽ፣ እኔ እገባበታለሁ» ይለኝ ጀመር። የኔ ግጥም ይገባበት የነበረውን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ለጥሩምባው ወሰደው። ለሙዚቃው ያ ትክክል ነበር፤ ዛሬ አውቃለሁ፣ ያኔም አውቅ ነበር። ግን እኔን በሠርግ ቤት ዝም በይ ያለኝ ሰው አልነበረም።

በተከታዩ ዓመት ጥር የአጎታችን ልጅ ተዳረች። ከዞን ባህል ቢሮ አንድ ሰው ስለ ዘውዴ ሰምቶ ሊያየን መጣ፤ ከወደደ ሁላችንንም ደብረ ብርሃን ወስዶ በደመወዝ ሊያስቀጥር። ለዘውዴ ያ ቀን ማለት ሕይወቱ ነበር። በዚያ ጊዜ የድሮ ወታደር ማን ሥራ ይሰጠው ነበር? ዳሱ ውስጥ ከምሳ በፊት ትንሹን ሙዚቃ ተጫወትን፤ ሦስቱን ያበሰለበት ትልቁ ከምሳ በኋላ ሊቀርብ ተይዞ ነበር። ሰው ቀስ እያለ ወደ ዳሱ አፍ ተጠጋ፤ የዞኑ ሰው ጠላውን ረስቶ በጉልበቱ ምቱን ይፈልግ ጀመር። እኔም ሞቀኝ። ግጥም መጣልኝና ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ይኼኔ ዘውዴ ወደኔ መዳፉን ዘረጋ። ዝም በይ። ሴቶቼ ሁሉ ከኔ አፍ ይልቅ የሱን መዳፍ አዩ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ።

ድንገት አመለጠኝ ልላችሁ እችል ነበር። ውሸት ነው። እንግዳው ሲበላ እኔ ጓዳ ሆኜ ስንኙን እየሠራሁ ነበር። ቃል አወጣሁ፣ ቃል ከተትኩ። በጣቴ እየመታሁ ለካሁት። እንዴት እንደማስገባውም አሰብኩ።

አሰጣጡን ታውቁታላችሁ። አዝማሪ ሲዞር፣ ግጥም ያለው ሰው አንዱን ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱ ያን ሲዘፍን ሁለተኛውን ይሰጠዋል። ሁለተኛው ምን እንደሆነ አስቀድሞ አያውቅም፤ ዜማው እየሄደ ነው፣ አፉ ይቀድመዋል። ትልቁ ሙዚቃ ሊጀመር ሲል ይርዳው ሰውን ለማሟሟቅ ማሲንቆውን ይዞ ብድግ አለ። እኔ ከጀርባው ጠላ እቀዳለሁ። ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን በጆሮው ጣል አደረግሁለት። የፉከራ መስሎት ደስ ብሎት ተቀበለው። ሁለተኛውን አስከተልኩ።

ነጋሪት ሲጎሰም፣ ወንድ ልጅ ሲጠራ፣
ጠመንጃውን ጥሎ፣ ጥሩምባ አፈራ።

የመጨረሻው ቃል ከአፉ ሲወጣ የይርዳው እጅ ማሲንቆው ላይ ደረቀ። ወንዶቹ ግን ሳቁ። ይደገም አሉ። የሙሽራዋ አያት፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው፣ እየሳቁ ዞረው «ዘውዴ፣ እንዴት ነው ነገሩ፣ ወሰዱብኝ አላልክም ነበር?» አሉት። ወሰዱብኝ ቢል ያበቃ ነበር። ዘውዴ መዋሸቱን ሁለተኛ አልቻለበትም። ትራምፔቱን በጨርቅ ጠረገ፣ ጠቀለለው፣ ከዳሱ ወጣ። የዞኑ ሰው እስኪመሻሽ ጠበቀ። ነፊው የታለ፣ ነፊው የታለ ሲል እኔው ነኝ ጠላ የቀዳሁለት። ከዚያ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

በበነጋታው ብቅል እያሰጣሁ ሳለ ዘውዴ ይርዳውን ግቢያችን አስጠራው።

«ይህን ነገር የምናውቅ ሦስት ነን» አለው።

«አዎ።»

«ግጥሙን ማን ሰጠህ?»

«የሰጠውን የሚናገር አዝማሪ አይተህ ታውቃለህ፣ አያ ዘውዴ?»

«እህቴ ናት ልትለኝ ነው?»

ይርዳው ወደኔ አየ። ዘውዴ ግን ዞሮ እንኳ አላየኝም፤ እስከዚህ ድረስ አምኖኝ ነበር። «አላልኩም» አለ ይርዳው።

«እንግዲያው አንተው ነህ። ከደጄ ሂድ።»

እኔ ምን አደረግሁ? ብቅሉን በተንኩ። እጄ ሥራ ላይ ስለነበር ማንም ምን ትያለሽ አላለኝም። አንዲት ቃል ነበር የምትበቃው፤ እኔ ነኝ። ስንኝ ለማውጣት የሚያክለኝ የሌለኝ ሴት ያችን ቃል ማውጣት አቃተኝ። ስንኙን የሰጠሁት በቂም ነው፤ ቂም ይበርዳል። ዝም ያልኩት ግን ረጋ ብዬ ነው፣ ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ባለው ዘመን ሁሉ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ቄሱን መጠየቅ አያስፈልገኝም።

ስንኙ በሳምንቱ ገበያ ወጣ፤ ቀየት ገበያ ድረስ ሄደ። ልጆች ዘውዴን ሲያዩ ይሉት ነበር። ነፋ ሲባል ዳግመኛ አልሰማሁም። እርሻ ገባ፣ በግ አረባ። ይርዳውን ደግሞ፣ የወዳጁን ምሥጢር የዘፈነ እየተባለ፣ በእኛ አገር ሠርግ የሚጠራው ጠፋ። ሚስቱን ይዞ ቆላውን ወርዶ መርሐቤቴ ገባ። ሲሄድ በደጃችን አለፈ፤ ደህና ዋሉ አለኝ። በአንቱታ። በፊት አንቺ ነበርኩ።

ቀናሁ፤ ወጣት ነበርኩ፤ ሴት በመሆኔ ነው ዝም ያሰኙኝ፤ ይህ ሁሉ እውነትነት አለው። አንዱንም ግን መከላከያ አላደርገውም። ሁለት ሰው ከሙዚቃቸው ለየሁ፣ ሁለት ወዳጅ አጣላሁ። ይቅርታ የምጠይቀው አንዱ ሞቷል፤ ሌላው እዚህ ማዶ ነው፣ ጢሱ ከደጄ ይታየኛል፤ እስካሁን ለዚህ ብዬ ወደሱ አልሄድኩም።

ይርዳው እዚያው መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ሞተ የሚል ወሬ በገበያ ሰማሁና ለዘውዴ የነገርኩት እኔው ነኝ።  በማግስቱ አንድ ሙክት ይዞ ወረደ። ወንዙን ተሻግሮ፣ አንድ ቀን አድሮ፣ የይርዳውን ቤት ጠይቆ አገኘ። ሲሄድ አብሮት የነበረው ሰው ነው የነገረኝ። ከደጃፉ ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከሚስቱ ፊት ተንበረከከ። ባልሽን በአንዲት ግጥም ከአገሩ አስወጣሁት፣ ይቅር በይኝ አላት። ድንጋዩን አንሥታ አወረደችለት። ሲመለስ በኔ ቤት በኩል አለፈ፤ እግሩ አብጦ ነበር። ውሃ ሰጠሁት። «ይቅር አለችኝ» አለኝ። ጠጥቶ ጣሳውን መለሰልኝና፣ ገብሱን አረም ሳይውጠው ብሎ ወደ ማሳው ሄደ።