በረዶ ጠራጊው ወንድሜ በረዶ የተሸከመበት ሳምንት

ታናሽ ወንድሜ ኖርማንድ በረዶ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ሌላው ሰው ሌሊቱን የወረደውን በረዶ በመስኮት አይቶ «እንዴት ያምራል» ሲል፣ እሱ ጓንቱን ይፈልጋል። ከሃያ ዓመት በላይ የትንሿን ከተማችንን በረዶ ጠራጊ መኪና ሲነዳ ኖሯል። ቤት የሚያክል መኪና ነው፤ ፊቱ ላይ ሰፊ አካፋ፣ ጀርባው ላይ ጨውና አሸዋ የሚበትን ሳጥን አለው። እዚህ ካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ እንደሱ ያለ ሰው ክረምት አያርፍም። ስልኩ ከጮኸ የልደት ኬክ እየተቆረሰም ቢሆን ይነሳል። ገና በመጣ ቁጥር እናታችን ሳህኑን ከድና ታስቀምጥለት ነበር፤ ሲመጣ እኛ ተኝተናል።

ሚስቱ ማርቲን የዛሬ አራት ዓመት ተለየችው። ክፉ ሴት አይደለችም። እኔ ራሴ ፀጉሯን እየሠራሁላት ነው የነገረችኝ፤ መጠበቅ ሰልችቷት ነው። ሁለቱ ልጆቻቸው አንድ ሳምንት እሷ ጋ፣ አንድ ሳምንት እሱ ጋ ይኖራሉ። ማኤሊ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሎይክ ደግሞ አሥራ ሦስት።

ዘንድሮ የማርች የትምህርት ዕረፍት ሲደርስ ይኸው ሰውዬ ተነስቶ «ልጆቼን ስኪ ላስተምር ነው» አለን። ራሱ ስኪ የሚባለውን፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ረጅም ጣውላ ረግጦ አያውቅም። ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ፣ ስኪ ግን የማያውቅ የኬቤክ ሰው ካያችሁ ወንድሜ ነው። አንድ ጡረተኛ ሹፌር ለምኖ ተክቶት እንዲነዳ አደረገ፤ ከኛ ሁለት ሰዓት የሚርቅ ተራራ ሥር አንድ የእንጨት ቤት ተከራየ። እኔንም ምግብ የሚሠራ ያስፈልጋል ብሎ ፀጉር ቤቴን አስዘግቶ ይዞኝ ሄደ።

በሁለት መኪና ነው የሄድነው። ማኤሊ ከኔ ጋር ተሳፈረች። ግማሽ መንገድ ከተጓዝን በኋላ፣ «አክስቴ ጊለን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለአባዬ ግን እንዳትነግሪው» አለችኝ። ከዚህ ዕረፍት በኋላ በክረምት እሱ ጋ እንደማትመጣ፣ እናቷ ጋ ብቻ እንደምትሆን ነገረችኝ። ለምን ብላት፣ «እሱ ቤት ማለት ባዶ ቤት ነው» አለች። ቅዳሜ ስንመለስ ራሷ ልትነግረው ወስናለች።

አልነግረውም አልኳት። ወንድሜ በዚህ ዓለም ላይ ከነዚህ ልጆች ሌላ ምንም የለውም። እሱ ከፊታችን ባለው መኪና ስኪውን ጣሪያው ላይ ጭኖ፣ ከሎይክ ጋር እየሳቀ ይነዳል።

የመጀመሪያው ቀን የሳቅ ቀን ነበር። የስኪ ጫማ እግር ሳይሆን ግንድ ለማሰር የተሠራ ነው፤ ኖርማንድ አጥልቆት ሲራመድ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። አሰልጣኛቸው ኖኤሚ የምትባል አፍንጫዋን ፀሐይ የላጣት ልጅ ናት። መጀመሪያ ያስተማረቻቸው የስኪውን ጫፍና ጫፍ ወደ ውስጥ አገናኝቶ፣ ተረከዝን ወደ ውጭ ገፍቶ ቀስ ብሎ መውረድን ነው። ይህ አወራረድ እኛ ዘንድ ስሙ «በረዶ ጠራጊ» ነው። ሎይክ ይህን ሲሰማ አባቱን አለቀቀውም።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ስኪ ስትነዳ ኖረሃል» አለው።

ኖርማንድ እውነትም ዋናውን መንገድ እንደሚጠርግ ሰው ኮስተር ብሎ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። ችግሩ መታጠፍ አያውቅም። ቀጥ እንዳለ ሄዶ ቁልቁለቱ ግርጌ የተዘረጋው መረብ ውስጥ ገባ። ኖኤሚ ለምን እንዳልታጠፈ ስትጠይቀው፣ «መንገዱ ራሱ ነው የሚታጠፈው ብዬ» አላት።

ሎይክ እንደ ድመት ነው፤ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ቻለ። ማኤሊ ግን ወደ ግራ በታጠፈች ቁጥር ትወድቅ ነበር። ገና አንደኛ ክፍል ያልገባ ሕፃን አጠገቧ ዞሮ ሲያልፋት ስኪዋን ፈትታ፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ በእግሯ ወረደች። ማንም እንዳያናግራት ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባው ነበር።

ከተከራየነው ቤት ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ ደረጃ የምትጀምር አጭር ቁልቁለት አለች። ከሰዓት በኋላ ኖርማንድ ወተት ሊገዛ ሲሄድ፣ ሁለቱ ልጆች ስኪያቸውን አድርገው በጎን በጎን እየረገጡ በረዶዋን ደለደሏት። ሲጨርሱ የተተኮሰ አንሶላ ትመስል ነበር። ማኤሊ ጠዋት ማንም ሳያያት እዚያ ልትለማመድ ነው። አባቷም እንዳይስቅባት ሎይክን አፉን እንዲይዝ አስጠነቀቀችው። እኔም አፌን ያዝኩ።

ሌሊቱን በረዶ ወረደ፣ ብዙ በረዶ። ኖርማንድ እንዲህ ያለ ቀን አልጋ ላይ መቆየት አይችልም፤ ጎህ ሳይቀድ ወጣ። ለሽርሽር ሲሄድ አካፋና ሁለት ከረጢት ጨው የተቀላቀለበት አሸዋ ጭኖ የሚሄድ ሰው ማን አለ? ወንድሜ አለ። ደረጃውን ጠረገ፣ የመኪናውን መውጫ ጠረገ፣ ዞሮ ወደ ጀርባ መጣ። ከወጥ ቤቱ በር ሥር አዲሱን በረዶ ሲያነሳ ከታች የተደለደለች፣ የምታንሸራትት ቁልቁለት አየ። ልጆቼ እዚህ እግራቸውን ይሰብራሉ አለ። መሬቱ እስኪታይ ድረስ ፋቃት። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ በተነባት፣ አንድ ቦታ እንኳ ሳይስት።

እኔ የአተር ሾርባ ጥጄ ነበር። ማኤሊ በካልሲ ከክፍሏ ወጣች፤ ፊቷ ልክ አልነበረም። በአባቷ ክፍል በር አጮልቃ አየች፤ ወደ ፊት ለፊቱ መስኮት ሄደች፤ ከዚያ ወደ ጀርባው። አሸዋውን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ኖርማንድ አፍንጫው ቀልቶ ደስ ብሎት ገባ፤ ሥራ ሠርቶ የመጣ ሰው ምርቃት እንደሚጠብቅ።

«አንዲት ቦታ እንኳ በረዶ መተው አትችልም?» አለችው። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ሎይክ ነገሩን አስረዳው። ወንድሜ ለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦውን ሳይነካው ተነሳ። መጀመሪያ አሸዋውን በመጥረጊያ ጠርጎ አወጣ። ቀጥሎ ከቤቱ ባለቤት የሕፃናት መንሸራተቻና የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ተዋሰ። ጫካው ድረስ እየሄደ፣ ንጹሑን በረዶ በገንዳው እየሞላ፣ እየጎተተ ያመጣል፣ ይደፋል፣ ይመለሳል። ይህ ሰው እኮ እኛ ከተማ ሰዎች የግቢያቸውን በረዶ መንገድ ላይ ሲጥሉ መስኮት አውርዶ የሚጮህባቸው ነው። አንድ መንገደኛ ምን እየሠራ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ቀና ሳይል «በረዶ እየጨመርኩ» አለው። በመስኮት እያየሁት መጀመሪያ ሳቅሁ። በኋላ ግን ጎንበስ ብሎ ሲጎትት ጀርባውን አየሁና አሳዘነኝ፤ ወንድሜ አርጅቷል።

ሎይክ ወጥቶ አገዘው። ማኤሊ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታያለች፤ እንዳላየኋት ሆንኩ። ወደ ማታ ላይ ስኪዋን ይዛ፣ ማንንም ሳታናግር ወጣች። ወደቀች፤ ወጣች፤ ወደቀች። ሊመሽ ሲል ወደ ግራ ታጥፋ ቁልቁለቷን ጨረሰች። ገብታ ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጣች። ለአባቷ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እሱም በአሸዋው ነው ብሎ ራሱን ይረግማል፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜን አስባለሁ።

ሐሙስ ዕለት አውሎ ነፋስ ተነሳ። ተራራው ላይ የሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር በንፋሱ ምክንያት ቆመ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ካርታ እየተጫወትን የኖርማንድ ስልክ ጮኸ። አለቃው ነው። የተካው ጡረተኛ ተንሸራቶ እጁን ሰብሯል፤ ከከተማው በላይ ያሉት መንገዶች እየተዘጉ ነው፤ ቶሎ ድረስልን ይላል። ሎይክ ካርታው ላይ አቀረቀረ። ማኤሊ አባቷን አየችው።

«ዛሬ አልመጣም፤ ከልጆቼ ጋር ነኝ» አለ ኖርማንድ። ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለሱም የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተው። ከመስኮቱ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ መስኮቱ። የዚያ ሠፈር በረዶ ጠራጊ ሲያልፍ፣ «አካፋውን ከፍ አድርጎታል፣ ሥሩን እየተወው ነው» ብሎ ለራሱ አጉረመረመ። ማኤሊ ካርታዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ መሄድ ፈልገሃል።»

«አዎ። እዚያ በሽተኛ አለ፣ ሽማግሌ አለ። ግን አልሄድም።»

«እኔን የሚያናድደኝ እኮ መሄድህ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? አሸዋው ነው?»

«የምን አሸዋ። ያን ቀን ስነሳ አልጋህ ባዶ ነው። እዚህም ድረስ አምጥቶን ጥሎን ሄደ አልኩ። ሁሌም እንደዚያ ነው። ተነስቼ ቤቱ ጭር ሲል ነው መሄድህን የማውቀው።»

«እንዳልቀሰቅሳችሁ ብዬ እኮ ነው» አለ ኖርማንድ። «ጫማዬን እንኳ በእጄ ይዤ ነው የምወጣው። ደጅ ነው የማስረው፣ በረዶው ላይ።»

«ቀስቅሰኝ» አለችው። «ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝና ‹ሄድኩ› በለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ከዚያም ለኔ የነገረችኝን ሁሉ ለሱ ነገረችው፤ በክረምት እንደማትመጣ፣ ቅዳሜ ልትነግረው እንደነበረ። እኔ ሾርባ የማማስል መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ኖርማንድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አሁንስ?» አላት።

«እንጃ። እናያለን» አለች።

አርብ ፀሐይ ወጣ። ሦስቱም ወንበሩ ላይ ተንጠልጥለው ወጡ። ሲወርዱ ማኤሊ ከፊት፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየታጠፈች፤ ሎይክ የት እንደደረሰ እግዜር ይወቀው፤ ኖርማንድ ከኋላ ቀጥ ብሎ፣ ቀስ ብሎ። መጨረሻ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ቅዳሜ ወደ ቤት ተመለስን፤ ማርቲን መጥታ ልጆቿን ወሰደች። ማኤሊ አባቷን ጉንጭና ጉንጩን ሳመችው፤ ስለዚያ ነገር ግን ምንም አላለችም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወንድሜ፣ ማኤሊ «አልመጣም» ብላ ትደውል ይሆን እያለ ከስልኩ ጋር ተፋጠጠ። ቅዳሜው ደርሶ የማርቲን መኪና በር ላይ ሲቆም እኔም እዚያ ነበርኩ። መጀመሪያ ሎይክ ወረደ። የመኪናው በር ክፍት ሆኖ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ማኤሊ ቦርሳዋን ይዛ ወረደች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ልትቆይ ይሁን ልትሞክረው፣ እኛም አልጠየቅናትም።

ማርች ሊያልቅ ሲል፣ ሰው ሁሉ ክረምቱ በቃ ባለበት ሰዓት፣ እንደ ልማዱ አንድ የመጨረሻ በረዶ ወረደ። ጠዋት የአንዲት ደንበኛዬን ፀጉር እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። ኖርማንድ ነው፤ የመኪናው ሞተር ይሰማል። ድምፁ ስላላማረኝ አደጋ የደረሰበት መሰለኝ።

ሌሊት ጠርተውታል። እንደለመደው ጫማውን በእጁ ይዞ በሩ ድረስ ከሄደ በኋላ ተመለሰ። የማኤሊን በር አንኳኳ፤ መሄዱን ስትሰማ የሚከፋት መስሎት ፈርቶ ነበር። «በረዶ ወርዷል፤ ሄድኩ» አላት።

ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም አለኝ። «እሺ አባዬ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ብላው ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

«ሰማሽ ጊለን? ቀስ ብለህ ንዳ አለችኝ» አለኝ። ያን ትልቅ መኪና እየነዳ፣ መንገዱ መሃል፣ ወንድሜ ያለቅስ ነበር።